በበሶ ቆርቆሮ ውስጥ የደበቅኩት ፊልምህ

ሰይዴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። በእነዚህ ወራት ስንቴ እስክሪብቶ አንስቼ ስንቴ እንዳስቀመጥኩ አልነግርህም። የምጽፈው አጥቼ እንዳይመስልህ፤ ታውቀኛለህ፣ እኔ ወሬ ቸግሮኝ አያውቅም። አፍሬህ ነው። ወላሂ አፍሬህ ነው።

ዋናውን ለመናገር እስክደፍር ድረስ የቤቱን ልንገርህ። ሰፈራችን ሆጤ ያው እንደተውካት ናት። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢያችን ውስጥ ቁጭ ይላል፣ ያጠብኩት ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። ፎቶ ቤትህን ለአንድ ስልክ ጠጋኝ አከራየሁት፤ ጨዋ ሰው ነው። ከበሩ በላይ በእጅህ የጻፍከውን «ፎቶ ቤት» የሚለውን ቀለም ልቀባው ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ እንዲያ ጮኼበት ደግሞ አላነሳውም። ጨለማ ክፍልህ ውስጥ ግን ሽንኩርትና ከሰል አስገብቻለሁ። ምን ላድርግ፣ ቤቱ ጠበበኝ። ልጃችን ሀያት አዲስ አበባ ደህና ናት፣ ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች። ጉልበቴ አሁንም ደረጃ ባየ ቁጥር ይጮኻል። አልጋው ላይ በአንተ በኩል አልተኛም፤ ለማን እንደማስቀምጠው እንጃ።

በቃ ልናገረው። የእማማ ሩቅያን ፊልም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የኩታበሩን ጊዜ ላስታውስህ፣ አንተ ትረሳዋለህ ብዬ ሳይሆን እኔው ደግሜ ልኖረው ፈልጌ ነው። እማማ ሩቅያ ዕድሜያቸውን በሙሉ ፎቶ አልነሳም ብለው የኖሩ ሰው ናቸው። በልጃቸው በፋጡማ ሰርግ እንኳ ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው ጓሮ ገቡ። ፋጡማ እናቴን አንሳልኝ ብላ ስትለምንህ የማይሆን ነገር ነው ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ ግን ኩታበር ድረስ ሦስት ጊዜ ወጣህ። ሁለቱን ጊዜ ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጣ፣ አብረሃቸው ባቄላ ስትፈለፍል ውለህ ተመለስክ። ሰው በአንተ አሾፈ፤ ሰይድ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ ባቄላ ለቀማ ገባ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ያንን ዕቃህን አውጣው እንጂ አሉህ። ደጅ አልወጣም ስላሉ ቤት ውስጥ፣ በበሩ ብርሃን ብቻ አነሳሃቸው። ለጨለማ ቤት የሚሆን ያንን ፈጣን ፊልምህን ሦስቱንም ጥቅል ጨረስክ። የዚያን ቀን ስትመለስ ፊትህ በርቶ ነበር፣ እኔን ስታገባ እንኳ እንዲያ አልበራህም። ቀናሁ እቴ፣ ምን ልደብቅህ!

ከዚያ ታመምክ። ፊልሙን የሚያጥብልህ ጓደኛህ አዲስ አበባ ነው፣ አንተ ደግሞ ከአልጋ መነሳት አቃተህ። አጠገብህ አስቀምጠኸኝ እንዴት እንደማደርስልህ አስተማርከኝ። እንደ ቁርአን ቤት ልጅ ሦስቴ አስደገምከኝ። ያልታጠበ ፊልም የአውሮፕላን ጣቢያ የፍተሻ ማሽን ጨረር ሲያገኘው እንደ ጉም እንደሚለብስ፣ በአውቶቡስ ብሄድ እንደሚሻል፣ የግድ በአውሮፕላን ከሆነ በሚያሳይ ላስቲክ አድርጌ በእጄ እንድይዘው፣ ፈታሹን ልጄ ይህ ያልታጠበ ፊልም ነው፣ እባክህ በእጅህ እይልኝ ብዬ እንድለምነው። ሻንጣ ውስጥ በጭራሽ አልከኝ። በወፍራም ነገር ልጠቅልለው ብትዪም አይረዳሽም፣ ማሽኑ ጥቁር ካሳያቸው ደግመው ያሳልፉታል አልከኝ። አንተ ራስህ ስንት ዓመት ለዚህ ብለህ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ስትንገላታ፣ ለፍተሻ ውረዱ በተባለ ቁጥር ፊልምህን ከፍ አድርገህ ስታሳይ ኖረሃል። አብሽር፣ ይገባኛል አልኩህ። ገብቶኝ ነበር። አልገባኝም ማለት ብችል ዛሬ እንዴት በቀለለኝ!

አንተ ከሄድክ በኋላ እንግዳው፣ ለቅሶው፣ ምኑም ምኑም ተደራርቦ ፊልሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆየ። ከዚያ እማማ ሩቅያም ሞቱ። ፋጡማ በአርባቸው ማግስት መጥታ፣ የእናቴን ፊት እንዳልረሳው እባክሽ አለችኝ። ሌላ ፎቶ የላቸውም፣ ያ ብቻ ነው። ጉልበቴን ስለምታውቅ ሀያት የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠችልኝ።

ሰይዴ፣ በዚህ ዕድሜዬ አውሮፕላን ልወጣ ነው ብዬ ሂና ተቀባሁ። ያንን አረንጓዴ ቀሚሴን ለበስኩ። ደግሞ ሳስበው፣ በሰው ሁሉ ፊት ላስቲክ ዘርግቼ ፈታሽ ስለምን፣ ሻንጣሽን ክፈቺ ስባል፣ ገጠሬ ስመስል ታየኝና ሌላ ዘዴ ፈጠርኩ። ለሀያት በሶ ልወስድላት ነበር። ሦስቱን ፊልም በሶው መሃል ቀበርኩና የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አድርጌ ክዳኑን ገጠምኩ። ቆርቆሮ ነው፣ ጨረሩን ያግደዋል አልኩ። አይረዳም ያልከኝን እያወቅኩ! አንተ ፊልም ታውቅ ይሆናል እንጂ ቆርቆሮ አታውቅም ብዬ አሰብኩ፣ አየህ ድፍረቴን።

የሀረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ጣቢያ ስንደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ማን ብትቆም ጥሩ ነው፣ ጎረቤታችን ሙሉ። በየወሩ የምትበረው ሙሉ። እኔም ለመብረር አዲስ እንዳልሆንኩ ሆኜ ደረቴን ነፋሁ። ሻንጣዬ ማሽኑ ውስጥ ገባ። ፈታሹ ትሁት ወጣት ነበር። ስክሪኑ ላይ ቆርቆሮው ጠቁሮበት ነው መሰለኝ አቁሞ፣ እናቴ ቆርቆሮው ውስጥ ምን አለ ብሎ በትህትና ጠየቀኝ።

ሰይዴ፣ ጠየቀኝ እኮ። ያስተማርከኝ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ልጄ ፊልም ነው ብል በእጁ አይቶ ይመልስልኝ ነበር፣ የፊቱ ሁኔታ ያስታውቃል። እኔ ግን በሶ ነው አልኩት። በሶ ብቻ! ሙሉ ከኋላዬ ሳቀች፣ አዲስ አበባ በሶ የጠፋ መሰላት ብላ ቀለደች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ልጁ ሥራውን ሠራ፤ ሻንጣውን ደግሞ አሳለፈው፣ አልጠራ ሲለው በጎኑ አስተኝቶ ለሦስተኛ ጊዜ አሳለፈው። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሻንጣው ወደ ጭነት ሄደ፣ በጭራሽ ወዳልከኝ ቦታ።

ጓደኛህ ፊልሙን አጥቦ አወጣና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ፊልሙ ሁሉ ግራጫ ለብሷል፣ በመሃሉ ደግሞ እንደ ማዕበል የተጋደመ ጥላ አለበት። በማሽን አልፏል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላለፈም አልኩት። የፊልሙ ዕቃ ላይ የተጣበቀውን የበሶ ዱቄት በጣቱ ጠርጎ አየው፣ እኔን አየኝ። ፈጣን ፊልም ከሌላው ይልቅ ቶሎ እንደሚጎዳ ብቻ ነገረኝ። ከእማማ ሩቅያ የተረፈው የኩታቸው ጠርዝና የበሩ መቃን ነው። ፊታቸው የለም። ሦስቴ ኩታበር የወጣህለት ያ ፊት የለም።

እዚህ ላይ ብቆም ጥፋቴ ጥፋት ብቻ ይሆን ነበር። የባሰውን የሠራሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ፋጡማ ስትመጣ ሙሉን ጨምሮ ጎረቤቶች ቤታችን ተቀምጠው ነበር። ሁሉም አፌን ያያል። አንደበቴ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ፣ ሰይድ በመጨረሻው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፊልሙን በደንብ አላስገባውም አልኩ። መልስ በማትሰጠው በአንተ ላከክሁት። ምራቄን እንኳ ሳልውጥ ነው የተናገርኩት። ፋጡማ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሎቹ አይ ሰይድ፣ ደክሞ ነበር ለካ ተባባሉ። ሳምንት ሳይሞላ አንዷ የልጄ የምርቃት ፎቶ የደበዘዘው ለካ ለዚህ ነው አለች። ሠላሳ ዓመት የሰው ፊት ስታነሳ አንድ ቀን ተበላሸ ተብለህ የማታውቀው ሰውዬ፣ በገዛ ሚስትህ አፍ መቀለጃ ሆንክላቸው። እኔም ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ውሸቴን መሸከም አቃተኝ። ባለፈው ሳምንት ኩታበር ወጣሁ። ፋጡማ ደጃፏ ላይ እህል ስታበጥር አገኘኋት። ቁጭ በይ ብትለኝ አልቀመጥም አልኩ፣ ከተቀመጥኩ እንደማልናገረው አውቃለሁ። ቆርቆሮውን፣ በሶውን፣ ፈታሹን፣ ያንን ውሸቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች። ብትሰድበኝ እኮ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የተናገረችው ነው እስከዛሬ የማይለቀኝ። ለእናቷ ዱዓ ሲደረግ፣ ለእናቷ መልካም የዋሉላቸው ሰዎች አንድ በአንድ ስማቸው ይነሳል። ያንተን ስም ትዘለው ነበር ለካ። እናቴ በስንት ልመና ያመነችውን ሰው፣ እንደዋዛ አበላሽቷት ሄደ ብላ ቂም ይዛብህ ነበር። እኔ በሟች ላይ ቂም ይዤ ከረምኩ፣ ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ አለችኝ። ያ ረቢ! እኔ ፎቶህን ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር፤ እዚያ ባለህበት የሚደርስህን ዱዓ ነው ለካ የቆረጥኩብህ። መሬት ብትከፈትልኝ ገብቼ ነበር።

እጇን አነሳች። እኔን ሳታይ ወደ ቂብላ ዞራ ከእናቷ አስቀድማ አንተን ጠራች፤ ሰይድን ማረው፣ ድካሙን ቁጠርለት፣ የያዝኩበትን ቂም ይቅር በለኝ አለች። አሚን ማለት ነበረብኝ፤ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። አውፍ ብዬሻለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ውሸቱን የተናገርሽበት ቤት ሄደሽ እውነቱን ተናገሪ ብቻ አለችኝ።

ጁምዓ ዕለት ጎረቤቶቹን ሁሉ ቤታችን ጠራሁ። ሙሉንም ጠራሁ። የምግብ ነገር ሳላቀርብ ቆሜ ነገርኳቸው። ሙሉ በሶውን ስታስታውስ አፏን በእጇ ያዘች። አንዳንዷ አዘነችልኝ፣ አንዳንዷ ሳቋን ዋጠች፣ አንዷ ደግሞ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻልሽው ብላ ጠየቀችኝ። ችዬው እንዳልነበር ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩኝ የሚጠቋቆሙ አሉ። ይጠቋቆሙ። የእኔ ነው፣ እኔ ልሸከመው።

ሰይዴ፣ የእማማ ሩቅያን ፊት ልመልስልህ አልችልም፣ ለፋጡማም አልችልም። ይቅር በለኝ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስህን የምሰማበት ጆሮ የለኝም፤ እዚያ ስንገናኝ ትነግረኛለህ። እስከዚያ የምችለው አንድ ነገር ነው። አላህ ትንፋሼን እስከሚወስዳት ድረስ በየሰላቱ ስምህን እጠራለሁ። ስለ ሥራህ የጠየቀኝ ሰው ሁሉ፣ እዚህ ሆጤም ይሁን ኩታበር፣ ይህን ከእኔ አፍ ይሰማል፦ ሰይድ የሰው ፊት አበላሽቶ አያውቅም፤ ያበላሸሁት እኔ ሚስቱ ነኝ።