ስኳር የጾሙት ሰዎች ማስታወሻ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ወልዴ፤

እንደምን ከርመዋል አባባ? የደብረ ብርሃን ብርድ ጉልበትዎን ፋታ ሰጠው? ሁዳዴንስ እንዴት ይዘውታል? ሐኪም ያዘዘልዎትን ወተት በጾም አልነካም ብለው እማማን ሲያስቸግሩ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እኔ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከናፍቆትዎና ከመኪናዬ ባትሪ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ግን ያ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ልቤ አላረፈም። «ማስታወሻዎቼን አይጥ ከሚበላቸው ለሱቁ ልስጣቸውና ስኳር ይጠቅልልባቸው፤ ከእንግዲህ ማን ያነባቸዋል?» ብለው ጻፉልኝ። የሠላሳ ዓመት ውሎ እኮ ነው! ፍርድ ቤት የሰው ክርክር ሲጽፉ ውለው፣ ቤት ሲገቡ የራስዎን ቀን የጻፉበት። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉ? ይህን አንብበው ሳይጨርሱ አንድ ቅጠል እንኳ እንዳይሰጡ እለምንዎታለሁ።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር ሚስ ፊቢ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት ባልቴት አስታምማለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ አንደበታቸው ግን ወይ ፍንክች። ክዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ናቸው፤ ቄስ የላቸውም፣ ተሰብስበው ዝም ብለው ይጸልያሉ። አንድ እሑድ ሳደርሳቸው አብሬ ተቀመጥኩና፣ ሰዓቱን ሙሉ ማንም ትንፍሽ ሳይል ሲቀር ቄሱ የዘገዩ መስሎኝ በሩን በሩን ሳይ ቆየሁ። ይህን ብነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ጠዋት ጠዋት የቤተሰባቸውን የዕለት ማስታወሻ አነብላቸዋለሁ። መቶ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የአያታቸው ወላጆች ኢንዲያና የሚኖሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ባርነት ይቅር፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድ ትማር ብለው የተነሡ። ባሪያ የደከመበት ነው እያሉ ስኳር ቤታቸው አያስገቡም ነበር፤ ፋሲካ የሌለው ጾም ይበሉት። ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ለማህደር ባወራላት «ሶ፣ ሁሉም ዳይት ያደርጉ ነበር?» ብላ አሳቀችኝ።

ማክሰኞ ያነበብነው ገጽ ግን አላሳቀኝም። የሚስ ፊቢ አያት በዘጠኝ ዓመታቸው የጻፉት ነው፦ «ጎረቤት የላከችልንን የስኳር ኬክ ሳይመለስላት ደብቄ በላሁት። እናቴ ብትጠይቅ ወንድሜ ነው አልኩ፤ እርሱም ምሳ ተከለከለ። ኬኩ ሲበላ ጣፋጭ ነበር፣ አሁን ግን አፌን ይመረኛል።» በማግስቱ ደግሞ፦ «ለእናቴ ተናገርኩ። ጻፊው አለችኝ።»

ማስታወሻውን አጠፍኩት። ሚስ ፊቢ ምነው ቢሉኝ ጉሮሮዬን ነው አልኳቸው። ለእርስዎ ግን አልዋሽም። በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ከሰማያዊው ደብተርዎ አንድ ገጽ ተገንጥሎ ወንድሜን ይርጉን በቀበቶ የገረፉት ትዝ ይልዎታል? የገነጠልኩት እኔ ነኝ። ከእማማ ቆርቆሮ የሰረቅኩትን ስኳር ጠቀለልኩበትና ከአጥሩ ኋላ ልሼ ጨረስኩት። ይርጉ «እኔ አይደለሁም» እያለ ሲያለቅስ ቆሜ አይ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የንስሐ አባቴ እንኳ አልሰሙትም። ስጽፈው አፈርኩ፤ ግን ቀለል አለኝ።

ማን ያነባቸዋል ላሉኝ መልሱ ይኸው፤ አይቻት የማላውቅ የገበሬ ልጅ ቴክሳስ ላይ አናዘዘችኝ። ስለዚህ ሰማያዊውን ደብተር ያውጡና ይህን ደብዳቤ በተገነጠለው ገጽ ቦታ ይለጥፉልኝ። ደብተሩ ሱቅ ከሄደ የይርጉ ንጽሕና የት ይጻፋል?

የእማማ አየለችን ጉልበት ስሜያለሁ፤ የጎደለውን ስኳር አይጥ እንዳልበላው አሁን ታወቀ። ለእህቴ ለየትምወርቅ ባዶ ደብተር ልኬላታለሁ፣ ከዛሬ ጀምራ ትጻፍበት። ለወንድሜ ለይርጉ ግን ሰላምታ ብቻ አይበቃም። ይህን ያንብቡለትና፣ አባባ፣ ያን ቀን በገረፉት እጅዎ ራሱን ዳበስ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ ዘርትሁን ወልዴ
ጋርላንድ፣ ቴክሳስ
የካቲት ፲፰ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.