ከማዶ የሚመልስልኝ

ሴፕቴምበር 1፣ እሁድ

የቀስት አደን ነገ ይከፈታል! ሽታ በሌለው ሳሙና ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። አባዬ ጓሮ ውስጥ ድርቆሽ ላይ በቀስት እየተኮሰ ነው። አንድ ፍላጻ ይለቅና ትከሻውን እያሸ ይቀመጣል። ኦክቶበር ላይ ቀዶ ሕክምና አለው። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ቀስት መሳብ አበቃ ብላዋለች።

ሃያ ዓመት በቀስት ኤልክ፣ ያንን ግዙፍ አጋዘን፣ አድኖ አንድም አልጣለም። በጠመንጃ ስንቱን... ፈረስ የሚያካክሉትን። በቀስት ግን ዜሮ። ይኼ ወር የመጨረሻው ነው። ዘንድሮም ባይሆንስ? ልጠይቀው ብዬ ተውኩት።

ሴፕቴምበር 2፣ ሰኞ

ጉድ ነው። እዚህ ኮሎራዶ ደንቡ የታወቀ ነው፦ መንገዱ ጫፍ ላይ ቀድሞ መኪናውን ያቆመ፣ የዚያን ቀን ሸለቆው የሱ ነው። ሌላው አይቶ ያልፋል። አባዬ ለዚህ ብሎ መኪናው ውስጥ አደረ። ከሁሉም ቀድሞ ነበር። የመጣው ሁሉ ግን ጎኑ እየተደረደረ አቆመ። የቴክሳስ ታርጋ፣ የኦሃዮ፣ የሉዊዚያና... ድንኳን፣ ጄኔሬተር፣ የሚጠበስ ሥጋ። ነፋሱ ደግሞ ሽታውን ሽቅብ ወደ ኤልኮቹ ይዞት ይወጣል።

በየጥዱ ሥር ሰው አለ። ግንባሩ ላይ መብራት ያሰረ አንዱ አጠገባችን ሲያልፍ "መልካም ዕድል" አለን። ዕድሌን ይዞት እየሄደ! አባዬ የሕዝብ መሬት አይደል፣ እነሱም ሕዝብ ናቸው አለኝ። እኔ ግን ተቃጥዬ ነው የተመለስኩት።

ሴፕቴምበር 4፣ ረቡዕ

መለሰልኝ!

የምነዳውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ አቁሜ በቀጥታ ወደ ተራራው፣ አባዬ ጋ ሮጥኩ። የጥሪ ቱቦዬን አውጥቼ እንደ ወንድ ኤልክ ጮህኩ። ጸጥ... ከዚያ ከማዶ፣ ሻካራ፣ ጎርናና ድምፅ። አባዬ አይኑ በራ። "ሽማግሌ ነው። እንደኔ" አለ።

ሴፕቴምበር 5፣ ሐሙስ

ዛሬም መለሰ! ወደ ግራ ስሄድ ወደ ግራ ይመጣል። ዝም ስል ዝም። እንዴት ያለ ብልጥ ነው? አውቶቡስ እየነዳሁ ድምፁን ሳስመስል ልጆቹ ሰምተውኝ ሲስቁብኝ ዋሉ።

ሴፕቴምበር 8፣ እሁድ

ወይ ውርደት።

ቀረበ፣ ቀረበ... ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ። አባዬ ፍላጻውን አውታሩ ላይ አደረገ እንጂ አልሳበም። ቀንድ ሳያይ አይስብም። ቅጠሉ ተከፈተና አንድ ፂማም ሰውዬ በእንብርክኩ ወጣ፣ አፉ ላይ ልክ እንደኔው ቱቦ ደግኖ።

ተያየን። "እመቤቴ፣" አለኝ፣ "ኤልኩ እርስዎ ነዎት?"

ለካ ሁለታችንም ስንጠራራ ነው የሰነበትነው! ቲቦ ይባላል። ከሉዊዚያና፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ። "ለሚስቴ ደውዬ የተራራው ንጉሥ እያናገረኝ ነው ብያታለሁ። አሁን ምን ልበላት?"

አባዬ እየሳቀ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ንጉሡን አገኘሁት፣ አውቶቡስ ትነዳለች በላት።"

እኔ ደሜ ፈልቷል። ከሸለቋችን ሂድ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ ግን ሳንድዊቹን ቆርሶ ሰጠው። እሱም እያላመጠ፣ ከከተማ ሲመጣ መንገዱ ዳር ካለው ጠጠር ማውጫ ጋ ኤልኮች መንገድ ሲያቋርጡ በተደጋጋሚ እንዳየ ነገረን። የማይታደንበት የግለሰብ መሬት መስሎት አልፏቸዋል።

አዳኝ ያየውን እንዲህ ይናገራል? እኔ ብሆን እነግረው ነበር? አልነግረውም።

ሴፕቴምበር 10፣ ማክሰኞ

በየቀኑ የማልፍበት መንገድ! አውቶቡሱን ቀስ አድርጌ አየሁ... ከጠጠሩ ክምር ጀርባ ዱካው መንገድ ሠርቷል። ካርታው ላይ ፈለግሁ። ቀጭን ቁራጭ ነች፣ ግን የሕዝብ መሬት ነች።

ገባኝ። እኛ ሁላችን እየተጋፋን ወደ ላይ ስንወጣ እነሱ ከኛ ሸሽተው ወደ ታች ይወርዳሉ። ማንም መኪና የማያቆምበት ቦታ ይተኛሉ። ግርግሩ ራሱ እየነዳ ያመጣልናል ማለት ነው! ቅዳሜ እንዴት ይድረስልኝ?

ሴፕቴምበር 12፣ ሐሙስ

ዝናብ። አባዬ ጓሮ ወጥቶ አንዴ ሳበ። ሁለተኛውን ሲሞክር ክንዱ መሃል ላይ ቀረ። በመስኮት እንዳየሁት አላወቀም።

ማታ አባዬ፣ ቲቦ አብሮን ይምጣ፣ ከኋላ ሆኖ ይጥራልን አለ። ቦታውን ለሉዊዚያና ልናስረክብ ነው ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

"እሱ አይደል እንዴ የሰጠን?" አለኝ።

ለቲቦ ደወልኩ።

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

ልጻፈው እስኪ።

ቲቦ ከኋላችን ጠጠሩ ክምር ጋ። አባዬ ጥዱ ሥር፣ እኔ ጎኑ። ሽቅብ መንገዱ ላይ መኪኖቹ ተከታትለው ወጡ። አንዱም አልቆመም። ቲቦ ጮኸ፣ በዚያ ጎርናና ድምፁ። ወዲያው ከታች የሚመልስ... ይኼኛው ሰው አልነበረም። ደረቴ ውስጥ ነው ያስተጋባው።

ቀንዱ ከቁጥቋጦው በላይ መጣ። አባዬ ሳበ። ኤልኩ ግንዱ ጀርባ ቀጥ አለ! ደረቱ አይታይም። አባዬ ይዟል... ክንዱ ይርገበገባል... ካላላው ደግሞ አይስበውም፣ አውቃለሁ። እንባዬ መጣ። አንድ እርምጃ፣ እባክህ፣ አንድ እርምጃ ብቻ።

ቲቦ ከኋላ ቅርንጫፍ ሰበረ፣ ኤልክ በቀንዱ እንደሚሰብር። ወንዱ ተቀናቃኝ የመጣበት መስሎት ተናደደ። ወጣ።

አባዬ ለቀቀ።

ኤልኩ ብዙም አልሄደም፣ መንገዱ ዳር ያለው አጥር ጋ ወደቀ። አባዬ የኤልኩ አንገት ላይ እጁን አሳረፈ። ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ቀስቱን ሰጠኝ፣ "ያዥልኝ" ብሎ፣ በቀኝ እጁ መያዝ ስላቃተው። እያለቀሰ ይስቅ ነበር። እኔም። ቲቦ ደግሞ ከሁላችንም ብሶ ያለቅሳል።

መንገዱ ቅርብ ስለሆነ ሥጋውን ተሸክመን መኪናው ጋ ለመድረስ ላብ እንኳ አላላበንም። ቲቦ የገዛ ቅመሙን አምጥቶ በቅቤና በሽንኩርት ጠበሰልን። አፍ ያቃጥላል። ሁለቴ ደገምኩ።

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

ቲቦ ነገ ወደ አገሩ ይመለሳል። እስካሁን ባዶ እጁን ነው። ጠጠር ማውጫው ጋም የኛ ነገር ተወርቶ ሰው ሞልቷል።

ትናንት ማታ አባዬ ብርድ ልብሱን ይዞ ወጣ። ወዴት? መንገዱ ጫፍ ላይ መኪናው ውስጥ ሊያድር! የራሱ የአንድ ኤልክ ፈቃድ አልቋል፣ ቀስቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። "ለሰውዬው ቦታ ልያዝለት" አለ። ትከሻህ ብለው፣ ለመተኛት ትከሻ አያስፈልግም አለኝ።

ጠዋት ስደርስ ሌላ መኪና ከጎኑ ሊያቆም ሲል አባዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲያወራው አየሁ። ምን እንዳለው እንጃ፣ ሰውዬው እጁን አውለብልቦ ሄደ። ከዚያ ሌላም።

ቲቦ ወደ ላይ ወጣ። እኔ ከኋላው ራቅ ብዬ ቱቦዬን አነሳሁ። አሁን ጠሪው እኔ ነኝ። ጮህኩ። ከማዶ ያ ሻካራ ድምፅ መለሰ... ማን እንደሆነ አወቅሁ፣ ሳቄም መጣ።

ከዚያ ከሁለታችን መሃል፣ ደረቴ ውስጥ የሚያስተጋባ፣ ሰው ያልሆነ ሦስተኛ ድምፅ ጮኸ።