አላዘምም ያለው የጌም ሳጥን

ሰኞ
«የመምህሩ ሳጥን ለረቡዕ አልቆ ይወጣል» ሲሉ ሰማኋቸው፤ አናጺው ጋሽ ገብሬ ለጎረቤታቸው። በር ላይ መቆሜን አላዩም። ሊያስደስቱኝ ብለው አይደለም ማለት ነው። አመንኩ።

ሳጥኑ የጌም ማሽን ይሆናል። ጅማ ተማሪ ሳለን አንድ ሻይ ቤት ጥግ ሳንቲም እየዋጠች የምታጫውት ማሽን ነበረች፤ ሰብለ ሁልጊዜ ታሸንፈኝ ነበር። አሁን ሚስቴ ናት። እሷ ዋጫ ከተማ ነርስ፣ እኔ ቦንጋ የፊዚክስ አስተማሪ። ቅዳሜ ትመጣለች። የሥራ ዝውውር ሰሞን ነው፤ ወደኔ ትምጣ ወይስ እህቷ ወዳለችበት ሀዋሳ፣ አልነገረችኝም። ባለፈው በስልክ «ለመሆኑ ቦንጋ ምን አለ?» አለችኝ። መልሱን በእንጨት እያሠራሁ ነው።

ማክሰኞ
ያለኝ፦ ከኢንተርኔት ቤት የተጣለ ኮምፒውተር። የድሮ ጌም የሞላበት ፍላሽ። ከአሮጌ ጆይስቲክ የነቀልኩት መዘወሪያ። ስድስት የበር ደወል መጫኛ ቁልፍ። ባለሱቁ ስድስት በር ያለው ቤት የት ሠራህ ብሎኛል።
የሌለኝ፦ ሳጥን።

ረቡዕ
በእርግጥም አልቋል። ጋሽ ገብሬ ቀኑን ጠብቀዋል፤ ያልጠበቁት ሥዕሉን ነው። የስክሪኑ ፊት ወደ ኋላ ጋደል እንዲል ነበር የሳልኩት። እሳቸው በውሃ ልክ ለክተው ቀጥ አድርገውታል።
«ዘሞብህ ነበር መምህር፤ አስተካከልኩልህ።»
ምስጋና ጠበቁ። አመሰገንኩ። ከዚያ ማዘንበሉ ሆን ተብሎ እንደሆነ አስረዳሁ። ጠማማ ሠርቼ በስተርጅና ስሜን አላጠፋም አሉ። ደግሞ ፊዚክስ ነው የምታስተምረው ይላሉ፣ ብለው ጨመሩ።
በር ሠርተውለታል። በቁልፍ የሚዘጋ። ቴሌቪዥን ያለበት ነገር ያለ በር አይሆንም አሉ።

ሐሙስ
ተደራደርን። ሳጥኑን አይነኩም። ከፊት እግሮቹ ሥር የምከተው ቁራጭ ጣውላ ግን ሰጡኝ። ወለልህ ጠማማ ከሆነ እኔ የለሁበትም አሉ። አሁን ሳጥኑ በሙሉ ወደ ኋላ ጋደም ብሏል፤ በልቶ የጠገበ ሹም ይመስላል።
ዝናቡ አላባራም። በሩ አብጦ አልከፈት አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ዓርብ
በሩን በቢላዋ ፈልቅቄ ከፈትኩ። መብራት ሄደ። መጣ። አምስቱ መጫኛዎች ይሠራሉ፤ ስድስተኛው ሲነካ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። ፕላስተር ለጠፍኩበት።
ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ እትዬ አልማዝ ሳጥኑን ዳንቴል አልብሰው፣ የፕላስቲክ አበባ አናቱ ላይ አስቀምጠውለታል። አበባው ተንሸራቶ ከኋላ ወድቋል።
«ደህና ቡፌ ነው። ምነው ግን አጋደለብህ?» አሉኝ።
ዛሬ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ቅዳሜ
ሰብለ መጣች። ሳጥኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ዳንቴሉን አጣጥፋ አልጋ ላይ አስቀመጠች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ጀመረች። ደጋግማ አሸነፈችኝ። ፕላስተሩን እንዳትነኪ ብዬ ነበር። አንዴ ላሸንፋት ስል ነካችው።
እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ሠርቷል አልኩ በልቤ።

እሑድ
ቁርስ ላይ ደፍሬ ስለ ዝውውሩ ጠየቅኳት። ቦንጋ ብላ ካመለከተች ወር አልፎታል፤ ሳትነግረኝ የቀረችው እስኪፈቀድ ብላ ነው። ለምን ቦንጋን እንደመረጠች ጠየቅኳት።
እናቷ ጅማ ናቸው። ከዋጫ ይልቅ ቦንጋ ለጅማ ይቀርባል።