አቶ ሉድቪክ፣ ታትራቸውና የሽትራምበርክ ኩርባ

አቶ ሉድቪክ ቫሃላ ከአባታቸው ከአቶ ፍሎሪያን ቫሃላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፊሎሜና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1921 በሞራቪያ፣ በኮፕርዢቭኒትሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በታትራ የመኪና ፋብሪካ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እሳቸውም ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1936 እዚያው ተቀጠሩ።

ዕድለኛ ነበሩ፤ ዓመቱ ታትራ 87 የወጣችበት ነው። መኪና ሁሉ እንደ ሣጥን ባለ ማዕዘን በነበረበት በዚያን ጊዜ እሷ ነፋስ እንዲንሸራተትባት ድቡልቡል ሆና ተሠራች። ከፊቷ ሦስት መብራት፣ ከጀርባዋ የዓሣ የመሰለ ክንፍ አላት። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሯ የተቀመጠው ከኋላ ሲሆን የሚያቀዘቅዘውም ውኃ ሳይሆን ነፋስ ነው። ያንን ክንፍ ከቀጠቀጡት አንዱ አቶ ሉድቪክ ናቸው፤ ይህንንም ለሰማም ላልሰማም ሲናገሩ ኖረዋል።

ሞተሩ ከኋላ መሆኑ ግን ጣጣ አለው። ኩርባ ላይ ድንገት እግርን ከነዳጅ ካነሡ ጅራቷ ልቅደም ይላል። ስለዚህ የኛ ሰፈር ሰው ፊቷ እንዲከብድ ከፊት ኮፈኗ ሥር አንድ ጆንያ አሸዋ ሳያስቀምጥ አይነዳትም።

ከጦርነቱ በኋላ አቶ ሉድቪክ ጎማ የሌላት፣ ዶሮ የሚያድርባት አንዲት 87 ከገበሬ ጎተራ አውጥተው በእጃቸው አደሷት። በ1949 ከእህቴ ከአኔሽካ ጋር እናታችን በሚኖሩባት በኮረብታማዋ ከተማ በሽትራምበርክ ቤተ ክርስቲያን ተጋቡ፤ እህቴም በባሏ ስም ወይዘሮ ቫሃሎቫ ተባለች። ባገራችን ሙሽራ ከናቷ ቤት የላባ ብርድ ልብሷንና ትራሷን ይዛ ትወጣለች። ሙሽራው ቦታ ቢያጡ የአሸዋውን ጆንያ አውጥተው በምትኩ ላባውን ጠቀጠቁት። ከናታችን ቤት ተነሥተን ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ኩርባው ላይ፣ ሙሽራቸውን ለማየት ዞር አሉ፤ እግራቸውም ከነዳጁ ተነሣ። መኪናዋ እንደ እንዝርት ዞራ ፊቷን ወደ እናታችን ቤት አድርጋ ቆመች። ማንም አልተጎዳም፤ ከኋላ በተቀመጥኩት በኔ ራስ ላይ ግን የሠርጉ የዝንጅብል ብስኩት ሁሉ ተበተነ። እናታችን ከደጃቸው ሆነው "መኪናዋስ ደግ ናት፤ ልጄን ልትመልስልኝ ነው" አሉ።

እህቴ አልሳቀችም። "እኔን እያየህ የምትነዳ ከሆነ ዳግመኛ አልቀመጥባትም" አለች።

"አላይሽም" ቢሉ ነገሩ ባለቀ ነበር። አቶ ሉድቪክ ግን መዋሸት አይሆንላቸውም። "ታዲያ ምን ላድርግ፣ ዓይኔ አያርፍ" አሉ። በእግር ወረደች፤ እህቴን የሚያውቅ እልኳን ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እናታችንን ልትጠይቅ እህቴ በአውቶቡስ፣ ባሏ በታትራ ከኋላዋ ሆኑ። እሷ በኋላው መስኮት እጇን ስታውለበልብ እሳቸው በሦስቱም መብራት ይመልሳሉ። ሾፌሩ "ወይዘሮ ቫሃሎቫ፣ ያ ሰውዬ ዛሬም እየተከተለዎት ነው፤ ፖሊስ ልጥራ?" ይላት ነበር። ልጆቻቸው ዝዲስላቫና ቪት ተወለዱ፣ አደጉ፣ ተዳሩ፤ ቤታቸው ሳቅ አጥቶ አያውቅም። አቶ ሉድቪክን የሚከነክናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አኔሽካን ከጎናቸው አድርገው ያንን ኩርባ ማለፍ።

በ1981 ጡረታ ወጡ። በ1998 ልባቸው ታመመና ሐኪም መንዳት ከለከላቸው። "እንግዲህ ትሸጥ" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እህቴ ይህን ስትሰማ ኮቷን ለበሰች። ወጥታ ኮፈኑን ከፈተች፣ ጆንያው መኖሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ቁልፉን ለኔ ሰጠችኝ። "ሜቶዴይ፣ አንተ ንዳ። መንገዱንም አንተ እይ።" ከዚያ ባሏን ደግፋ ከኋላ ወንበር አብራቸው ተቀመጠች።

ኩርባው ላይ በመስተዋት አየኋቸው። አቶ ሉድቪክ ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረዋል። "አሁን እንደ ልብህ እይ" አለቻቸው። መንገዱን እይ ተብዬ ነበር፤ ግን እግሬን ከነዳጁ አላነሣሁም። ታትራዋ ቀጥ ብላ አለፈች። በረዶ መጣል እስኪጀምር ድረስ እሑድ እሑድ እንዲሁ ተመላለስን፤ እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

አቶ ሉድቪክ ግንቦት 9 ቀን 1999 በተወለዱ በ78 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በባለቤታቸው እጅ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ታትራ ትተውልናል። ዛሬ አስከሬናቸውን ተከትላ የምትሄደው እሷው ናት፤ እህቴም ተቀምጣባታለች።

ጌታ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያኑርልን። መንገዱን እሱ ይይላቸው፤ እሳቸው ወደ አኔሽካ ዞር ማለታቸው አይቀርምና።