ደወል ያልተደወለባቸው አምስት ቀናት

ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወርዱ የሚይዝዎ ሕመም ቀለል አለልዎ ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አይለኝም» እያሉ ግድግዳ ተደግፈው ነው የሚወርዱት? የዓይን ጠብታዎን በሰዓቱ ያደርጋሉ? እናቴስ እንዴት ናት፣ እንቅልፏ ተመለሰላት? ታናሼስ፣ ይህን ደብዳቤ እያነበበችልዎ ያለችው፣ ደህና ናት? አንቺ ልጅ፣ ላንቺም ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ግን ደስ ያላለሽን መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ፣ አባባ ያውቁብሻል።

እኔ በጤናዬ ምንም አልሆንኩም። እበላለሁ፣ አስተምራለሁ፣ ሳቅ ሲመጣም እስቃለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለእናቴ ስጽፍ ነገር እሸፋፍናለሁ፤ ለእርስዎ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ዋሽቼ ተሳክቶልኝ ስለማያውቅ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

የኮሌጃችን የመምህራን ማኅበር ተወካይ ሆኛለሁ ብዬ ስጽፍልዎ «ደግሞ ይኼ ምን የሚሉት ሹመት ነው?» ብለው ነበር። ሹመትስ አይደለም። የተመረጥኩት ፈተና ላባዛ ወጥቼ ሳለሁ ነው፤ ስመለስ አጨበጨቡልኝ። ከዋናው ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለችውን፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረችውን ክፍል ሰጡኝ። ሁለት ወንበርና አንድ በሩ የማይገጥም ቁም ሣጥን አላት፤ ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው አቤቱታውን የሚያሰማው አንገቱን ደፍቶ ነው። አንዱ የክፍሌ መስኮት አይዘጋም ይላል፤ ሌላዋ የታመመ ባልደረባዋን ክፍለ ጊዜ ደርበውባት ምሳ የምትበላበት ጊዜ አጥታ ትመጣለች። አለቆች ፊት የሚጠራ ሰው ካለ ደግሞ አብሬው ገብቼ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እነግረዋለሁ፤ እስክሪብቶዬን ከከደንኩ ዝም ይበል። ሰው ሲናደድ ራሱን የሚያስረው በገዛ አፉ ነውና።

የጻፍኩልዎ ስለ አንድ ባልደረባዬ ነው። እንጨት ሥራ ያስተምራል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሯል። ተማሪዎቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፣ ምክንያቱም ወንበር ሠርተው ሲያሳዩት ተንበርክኮ እግሩን ይለካና «አንድ ሚሊሜትር ይጎድላል፣ እንደገና» ይላል። እሱም ስሙን ያውቃል፣ አይከፋውም። የሚሠራበት ክፍል ሃያ ሰው የሚይዝ ነው፤ ዘንድሮ አርባ ሦስት ተማሪ ሰጡት። አደጋ ይመጣል ብሎ ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጻፈ። ሦስቱንም በእጄ ወስጄ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የተቀባዩ ፊርማ ያለበት ቅጂም እኔ ዘንድ አለ።

የፈራው አልቀረም። ግማሾቹን በር ላይ አቁሞ በተራቸው ሊያስገባ ዘወር ባለበት ቅጽበት አንዲት ተማሪን ሁለት ጣቷን መጋዝ ቆረጣት። ጣቶቿ ተሰፍተው ድነዋል። እሱን ግን «ተማሪዎችን ጥሎ ወጥቷል» ብለው ከሰሱት። ምክትል ዲኑና የሰው ኃይል ኃላፊዋ ፊት ስንቀርብ እስክሪብቶዬን መክደን እንኳ አላስፈለገኝም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ተማሪዋ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀ። በሳምንቱ ረቡዕ ከሥራ የሚያሰናብት ደብዳቤ ሰጡት፤ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይቻላል የሚል ከግርጌው ተጽፎበታል።

አባባ፣ የይግባኙን ደብዳቤ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩት ነገር የለም። ሦስቱን ደብዳቤዎች አያያዝኩ፣ የክፍሉን ስፋት አስለክቼ ጨመርኩ፣ በሩ ላይ የቆሙት ተማሪዎች ያዩትን ጽፈው እንዲፈርሙልኝ አደረግኩ። ያንን ያነበበ ሰው ሊያሰናብተው አይችልም፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። የቀረኝ ቀን መቁጠር ብቻ ነበር። ሐሙስ አንድ፣ ዓርብ ሁለት። ከዚያ የአጋማሽ ዓመት ዕረፍት ሳምንት ሆነ፤ ተማሪም መምህርም የለም። ሰኞ ስንመለስ ሦስት ብዬ ቀጠልኩ። በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አንድ ቀን ተርፎኛል ብዬ ኮራ እያልኩ ፖስታውን ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ።

መዝገብ ቤት የምትሠራው ሴትዮ ቀኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ቀኑን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እኛ እኮ በዕረፍቱ ሳምንት ሥራ ላይ ነበርን፣ አምስቱንም ቀን ቢሮው ክፍት ነበር አለችኝ። አሥራ አራተኛው ቀን ነበር። ፖስታውን ሳይከፍቱት «ጊዜው ያለፈበት» ብለው መለሱልኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

አባባ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ እስከ አሥር መቁጠር አቃተኝ። ግን እርስዎ ያውቁታል እንዴት እንደሆነ። እርስዎ የትምህርት ቤት ደወል እየደወሉ ነው ያሳደጉን። በቤታችን ቀን የሚባለው ደወል የተደወለበት ቀን ነበር። በዕረፍት ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ዛሬ ደግሞ ምን ቀን ነው?» ይሉ ነበር፣ የማይቆጠር ቀን ስለሆነ። እኔም ከዚያ ወጥቼ ተማሪ ሆንኩ፣ ከዚያ አስተማሪ፤ ደወል ሳይደወል ቀን የሚቆጠርበት ቦታ ኖሬ አላውቅም። ይህን የምለው ጥፋቴን እርስዎ ላይ ለመለጠፍ አይደለም፤ ነገሩን የሚረዳልኝ ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ቀጥሎ ያደረግኩት ነው። የዚያን ዕለት ሚሊሜትር ደረጃው ሥር ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር፤ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። «አልተቀበሉትም» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። እሱ አንብበው አይተው እምቢ ያሉ መሰለው። አንቺ የምትችይውን አድርገሻል ብሎ አመሰገነኝ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በማግሥቱ መሣሪያዎቹን ሊሰበስብ ሲመጣ አንድ መደርደሪያ ተሸክሞ ክፍሌ ገባ። የማኅበሩ ወረቀት ወለል ላይ ተከምሮ ማየት ሰልችቶት ኖሮ በዕረፍቱ ሳምንት ቤቱ የሠራው ነው። ከደረጃው ሥር ያለው ጣሪያ ወደ ታች ያዘነብላል፤ እሱ መቼ እንደለካው አላውቅም፣ የመደርደሪያው አናት ከጣሪያው ጋር ወረቀት እንኳ በማያስገባ ሁኔታ ገጠመ። በመጪው ሐሙስ ተወካይ እንደገና ሲመረጥ መጥቶ እኔን ሊጠቁም እንዳሰበም ነገረኝ። እሱ ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ እዚያ መደርደሪያ ላይ አንድ ወረቀት ማስቀመጥ አልቻልኩም።

እንዲህ ሆኜ ሳምንት ሞላኝ። ባለፈው ሐሙስ ለማኅበሩ ዋና ቢሮ ጠበቃ ደወልኩ፤ «አንድ ሰው ቢሆን» እያልኩ ነገሩን አነሳሁለት። ሰውዬው ወዲያው ገብቶታል። መዘግየቱ የተወካይዋ ጥፋት መሆኑን ራሷ ጽፋ ከፈረመች፣ ባለጉዳዩም ይታይልኝ ብሎ ከፈረመ፣ ይግባኙን ሊከፍቱት ይችላሉ፤ ግን እስከ ሰኞ መግባት አለበት አለኝ። እርግጠኛ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ እርግጠኛ ነገር የለም፣ ካልነገርሽው ግን ሰውየው ያለቀለት መሆኑ እርግጥ ነው አለኝ።

ትናንት ቅዳሜ ጠዋት የፈረምኩበትን ወረቀት ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ በር ከፈተችልኝ፤ እንደ እህት አቅፋ ነው የተቀበለችኝ፣ ያ አቀባበሏም አንገበገበኝ። ሳልቀመጥ ነገርኩት። አንዱንም አላስቀረሁም፣ ስለ ፖስታው፣ ስለ አምስቱ ቀን፣ ደረጃው ሥር ስላልኩት ነገር። ሲሰማኝ ጠረጴዛውን በአውራ ጣቱ እየዳበሰ ነበር። ከዚያ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሄደና አሳየኝ። ቀኖቹን እያንዳንዳቸውን በእርሳስ ምልክት አድርጎባቸዋል። ሐሙስ አንድ፣ ዓርብ ሁለት፤ የዕረፍቱ ሳምንት ባዶ ነው፤ ሰኞ ሦስት። እሱም ለካ ዘጠኝ ብሎ ነው የቆጠረው።

ልቤ ትንሽ ቀለል ሲል ታወቀኝ፤ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም መሰለኝ። እሱ ግን ፈገግ አላለም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ፈረመበት፣ መለሰልኝ። እንዲህም አለኝ፤ «አምስቱን ቀን እኔም ስቻለሁ፣ በሱ አልይዝሽም። ከነገሩሽ እስከ ዛሬ ዝም ያልሽው ግን አሥራ አንድ ቀን ነው። እሱን ቅዳሜና እሁድንም ጨምሬ ነው የቆጠርኩት።» ሚስቱ አልሸኘችኝም።

ነገ ሰኞ በሩ ሳይከፈት መዝገብ ቤቱ ደጃፍ እቆማለሁ። ሐሙስ ስብሰባ ላይም ጥፋቴን ለሁሉም ተናግሬ ሌላ ሰው ምረጡ እላለሁ። ይከፍቱለት ይሆን አላውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ የኔ ስም ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የሱ እጅ ሥራ ፈት ሆኖ ጠረጴዛ ሲዳብስ ነው ከዓይኔ የማይጠፋው። አባባ፣ ምን ይሉኛል? በገዛ እጅዎ ይጻፉልኝ፣ መስመሩ ቢጠምም ግድ የለም።

እናቴን ጉልበቷን ስመው ሰላም ይበሉልኝ፤ ነገሩን ግን ሰኞ አልፎ መልስ እስኪመጣ አይንገሯት። ወንድሜንና ሚስቱን ሰላም ይበሉልኝ፣ ያቺን ጥርስ ያበቀለች ልጃቸውንም ጉንጭዋን ይሳሙልኝ። አክስቴ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እጅጌው ብቻ ረዝሟል ይበሉልኝ። ታናሼ፣ እዚህ ድረስ ድምፅሽ ሳይሰበር ካነበብሽ ጎበዝ ነሽ።

የምትናፍቅዎ ልጅዎ

ከደረጃው ሥር ካለችው ክፍል፣
እሁድ፣ መጋቢት ፲፬ ቀን። ደወል አልተደወለም፤ ቀኑ ግን ተቆጥሯል።