የከማሉዲን ጉሮሮ

ዋጃ፣ መስከረም 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ፣ ለሰይዳ አባት፣ ለከማሉዲን
ደሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እኔና ልጅህ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ላሚቱም ደህና ናት። ያንተ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ወንድምህ ሙሀመድሰይድ በሚኒባሱ ሹፌር በይሁኔ በኩል፣ «አፍንጫው ተዘግቷል፤ ወደ ጉሮሮው የሚወርደው ነገር ሲያስለው ያድራል» ብሎ ልኮብኛል። አንተ ግን አንዲት ቃል አልላክህልኝም። ኩርፊያህ ይሄው ሦስት ሳምንት ሞላው። አይ የሰይዳ አባት፣ እንዲህ ትጨክን!

በል መጀመሪያ መድኃኒትህን ልንገርህ፣ ጠቡ ይደርሳል። ውሃ አፍልተህ ለብ እስኪል አቀዝቅዘው፤ ትንሽ ጨው ጣል አድርግበትና ለዉዱእ ስትነሳ አፍንጫህን በሱ እጠበው። ይሁኔ የያዘልህን ጥቁር አዝሙድ ሞቅ አድርገህ በንጹህ ጨርቅ ቋጥረህ አሽትተው። ዝንጅብል በማር ጠጣ። ስትተኛ ራስህን ከፍ አድርግ፤ ሁለት ትራስ ብትጠይቅ የወንድምህ ሚስት አትገላምጥህም። የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎትም እንዳትተው። ድስቱን ግን አንተው ራስህ እጠበው። ሳቅህ እንዴ? ትንሽ ብትስቅ ምናለ!

ያን ጁምዓ የሆነውን አሳምረህ ታውቀዋለህ፤ የኔን ወገን ግን ሳትሰማ ነው የሄድኸው። ማሽላው ሲያብብ እንደ ልማድህ አፍንጫህ ተዘግቶ፣ «ነሲባ፣ ለአዛኑ ድምፄን ክፈችልኝ» ብለህ ለመንኸኝ። እኔም ስጣደፍ፣ በዋዜማው ድልህ ያበሰልሁበትን ድስት ለቅለቅ አድርጌ ቅጠሉን አፈላሁበት። ጋቢ አልብሼ እንፋሎቱ ላይ ደፋሁህ። ወላሂ በርበሬው አልታየኝም! አንተም እንባህ እየወረደ፣ «ይሄስ ሠራ!» ብለህ ወደ መስጊድ ሮጥህ። ማጉያውን ከፍተህ አፍህን ልትከፍት ስትል ማስነጠሱ ቀደመህ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሰባት! ገበያው በሙሉ ቆሞ እስላሙ «የርሐሙከላህ»፣ ክርስቲያኑ «ይማርህ» እያለ ተቀበለህ። እማማ ሙሉማ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ፣ «ይማረው፣ አልመጣም እንዴ?» ይሉኛል።

ያስቀየመህ ድስቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሳቄ ነው። አፍንጫህ ቀልቶ በበሩ ስትገባ ልይዘው አልቻልሁም፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሃያ ዓመት ሰው ባንተ ጥሪ ሲሰግድ ኖሮ፣ ያን ቀን አፍረህ ወደ ቤትህ ብትመጣ ሚስትህ ሳቀችብህ። ጥፋቱ የኔ ነው። አውፍ በለኝ።

ኢማሙ፣ «እስከ ረመዳን እንጠብቀዋለን፤ ካልመጣ ግን ቦታውን ለመህዲ እንሰጣለን» ብለዋል። ረመዳን ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። ባለሱቁ መህዲ ነው እስካሁን ባንተ ፈንታ አዛን የሚለው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ድንገት ነው የሚጀምረው። አንተ ሁልጊዜ ከአዛኑ በፊት ማጉያው ውስጥ «እህ፣ እህም» ትላለህ። ያንን ጉሮሮ መጥረግህን ስንት ዓመት ተነጫነጭሁበት! «አገር ሰማው፣ ምናለ ውጭ ጠርገህ ብትገባ» እያልሁ። ለካ እኔ የምነሳው በአዛኑ ሳይሆን በሱ ኖሯል። አሁን ጎህ ሳይቀድ እነቃና ተኝቼ እጠብቀዋለሁ። መህዲ ሲጀምር እያጉረመረምሁ እነሳለሁ።

ድስቱን በአመድ ሦስት ጊዜ ፈትጌዋለሁ። ሰይዳ አሽትታ መስክራለች። ይሁኔ ሐሙስ ከደሴ ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ።

አላህ አፊያህን ይመልስልህ፣ መንገዱን ያቅናልህ፣ በደህና ለቤትህ ያብቃህ። መድኃኒቱን በደንብ ያዝ፤ ግን አደራህን፣ ጨርሰህ እንዳትድን። አንዲት «እህም» አስቀርልኝ።

ናፋቂህ፣
ነሲባ