ያልቆጠርኩት ትንፋሽ

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

እግሬ የኔ አይመስለኝም… ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በቀዶ ጥገና ሕሙማን መኝታ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት አልጋ ስዞር ዋልኩ። የነርስነት ልምምዱን ለሁለተኛ ጊዜ ነው የምወስደው። ዓምና ወደቅኩ። ዘንድሮ ጥፋት ከተገኘብኝ ትምህርት ቤቱ በቃሽ ይለኛል። እትዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ተደፍታ ነው የምታስተምረኝ። ታላቅ እህት ለታናሿ እንዲህ ትልፋ?

አልጋ ዘጠኝ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝቷል። ትናንት አንጀቱ ተቆርጦ ተቀጥሏል። ወሬኛ! የደም ግፊቱን ስለካ ያወራል፣ የሙቀት መለኪያውን ብብቱ ሥር ይዞ ያወራል። «ልጄ፣ አንቺ መኪና ብትሆኚ ዘይት ጨርሰሻል» አለኝ። ሳቅኩ። ትንፋሹን ለመቁጠር አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም ማለት አለበት። እሱ ዝም ሊል? ሃያ ብዬ ጻፍኩ፣ የጤነኛ ሰው ቁጥር ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ቻርቶቹን ገለባበጥኳቸው… አሥራ አራቱም አልጋ ሃያ። በዚህ ክፍል አሥራ ስምንት የሚተነፍስ ሰው የለም?

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ደከመኝ። ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ። እራት ሳልበላ ልተኛ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ሹፌሩ ዛሬ ዝም አለ። እፎይ… ሥራዬን በጊዜ ጨረስኩ። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ 37.8። ግፊቱ ደህና ነው። ትንፋሽ ሃያ። ሚስቱ «ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም» አለችኝ። «ሰመመኑ ሲለቅ እንዲህ ያደርጋል» አልኳት። በሦስተኛው ቀን? ከየት አመጣሁት? እኔ እንጃ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ከመጀመሪያው ልጻፈው…

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አልኩት። «ደህና…» አለና አቆመ። አየር ሳበ። «…ነኝ።» ደህና ነኝ ለማለት ሁለት ትንፋሽ! ብርድ ልብሱን ገለጥኩ፣ ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት። ደገምኩ። ሠላሳ አራት።

ሮጬ ለሲስተሯ ነገርኳት፣ የክፍሉ ኃላፊ ናት። ሐኪሙን ጠራችው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ስልኩ ይጮሃል፣ ከድንገተኛ ክፍል ይፈልጉታል። ቻርቱን አየ። «ትናንት ጠዋት ሃያ፣ ከሰዓት ሃያ፣ ሌሊት ሃያ። አሁን ድንገት ሠላሳ አራት? ቁስሉ አሟቸው ይሆናል። ማስታገሻ ስጧቸው፣ ከሰዓት አያቸዋለሁ።» ሊሄድ ነው።

ከተናገርኩ አለቀልኝ፣ የእትዬ ልፋት ገደል ገባ። ዝም ካልኩስ? ሹፌሩን አየሁት። በተነፈሰ ቁጥር አንገቱ ሥር ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባል።

«ዶክተር፣ ሃያው ውሸት ነው።»

«የቱ ሃያ?»

«የኔ ሁሉም። ከማክሰኞ ጀምሮ አልቆጠርኩም።»

«የሌሊቱስ?» ብሎ ወደ ሲስተሯ ዞረ። ሲስተሯ መሬት መሬት አየች።

ስልኩን ዘጋው። ሆዱን ሲነካው ሹፌሩ ጮኸ። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቋል። «የተቀጠለው አንጀት ሳይከፈት አልቀረም» አለ ሐኪሙ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቀዶ ጥገና መለሱት። ሚስቱ ጫማውን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። አጠገቧ መቆም አቃተኝ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

በሕይወት አለ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። አስተማሪያችን አስጠራችኝ። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ማክሰኞ ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

ለእትዬ ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠች።

«ዝም ብትይ ኖሮስ?»

«ይሞት ነበር።»

«እና ምን ያስለቅስሻል? ሂጂ ፊትሽን ታጠቢ።»

ታጥቤ ስመለስ እሷ ታለቅስ ነበር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አላባረሩኝም። የሌሊቱም ሃያ ሳይቆጠር እንደተጻፈ ሲስተሯ ራሷ ተናገረች አሉ። ከነገ ጀምሮ ልምምዱን ከሀ እጀምራለሁ፣ ከታናናሾቼ ጋር። ምርቃቴ በዓመት ተላለፈ። ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ? ለመተኛት እንኳ አቅም የለኝም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሹፌሩ ወደ ክፍላችን ተመለሰ። ከስቷል፣ ግን ሾርባው ጨው አነሰው ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር ይከራከራል። ሚስቱ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «አንቺ ነሽ አሉ ያወቅሽው! ዕድሜ ይስጥሽ የኔ ልጅ» ብላ እጄን በሁለት እጇ ጨበጠችው።

ዝም ብዬ ምርቃቱን ብቀበል ማን ያውቅብኛል? አልቻልኩም። ወንበር ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ሃያውንም፣ ስለ ሰመመኑ ያልኳትንም።

እጄን ለቀቀችው።

«ቆጥረሽ ቢሆን… መቼ ይታወቅ ነበር? ሐሙስ? ረቡዕ?»

«አላውቅም እናቴ። አልቆጠርኩም።»